ባንዲራ የሌለው የባንዲራ ማኅበር

እኛ አገር ባንዲራ መንደፍ ቀላል ይመስላችኋል? እስቲ ሞክሩትና እዩት! ለልጅ ስም ማውጣት እንኳ ከዚህ ይሻላል፤ ቢያንስ ልጁ አፉን እስኪፈታ ድረስ አይቃወምም።

እኔ የሞከርኩት ለማኅበራችን ነው። አዎ፣ የባንዲራ ወዳጆች ማኅበር አለን፤ አትሳቁ። የካ ሚካኤል አካባቢ፣ ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር ጋሽ ፈለቀ ግቢ፣ ሰባት ሆነን እየተሰበሰብን ረግጠናቸው በማናውቃቸው አገሮች ባንዲራ እንከራከራለን። የዓለሙ ሁሉ አለን፤ የራሳችን ብቻ የለንም። "ከሌላ ሰፈር እንግዶች ይመጣሉ። እሑድ እስከ ስድስት ሰዓት የራሳችንን ካልሰቀልን ማኅበሩ ይፍረስ!" አሉ ጋሽ ፈለቀ። ከጡረታ ወዲህ ያላቸው ደስታ ይኸው ማኅበር ነው፤ የንድፉ ጣጣ ደግሞ እኔ ላይ ተጣለ።

አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ስል "መሃሉ ላይስ?" ተባልኩ፤ ሁላችንም ጣራ ጣራውን አየን። ሰማያዊ ስል "የታክሲ!" ቢጫ ብቻውን ስል "የኳስ ቡድን!" ነጭ ስል "ምነው፣ ለማን እጅ ልንሰጥ ነው?" የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ቅጠል ብሥል፣ ልብስ ሰፊዋ አባላችን ጫልቱ "ይሄማ የጉንፋን መታጠኛ ነው" ብላ ሳቀችብኝ። በቃ፣ ተስፋ ቆረጥኩ።

እሑድ ጠዋት ከአጥሩ ጎን ረጅም አጣና ባዶውን ቆሟል። ጋሽ ፈለቀ ዝናቡ ጫፉን እንዳያበሰብሰው ብለው የቲማቲም ጣሳ ደፍተውበታል። እኛ ከሥሩ እንጨቃጨቃለን፤ አምስት ሰዓት አልፏል። ይህን ጊዜ እንጦጦ ራጉኤል ደርሰው የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ በሩን ገፋ አድርገው ገቡና አግዳሚው ላይ ተደላደሉ።

"በሉ ቅዱልኝ" አሉ።

"ምኑን አባቴ?" አልኩ።

"ጠላውን ነዋ!"

"ኧረ እዚህ ጠላ የለም! ማን አለ አለዎት?"

በዱላቸው ወደ ላይ፣ ወደ ጣሳው ጠቆሙ። "ባንዲራችሁ!"

ክው አልን። አጣና ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ የጠላ ቤት ምልክት መሆኑን ሰባት የባንዲራ ሊቃውንት ረስተነው ኖሯል! ጋሽ ፈለቀ ሆዳቸውን ይዘው፣ እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ። ጫልቱ ወደ ስፌት መኪናዋ በረረች፤ ነጭ ጨርቅ ላይ የተደፋ ጣሳ ሰፍታ መጣችና እንግዶቹ ሳይደርሱ፣ ስድስት ሰዓትም ሳይሞላ ሰቀልነው። አንድም ተቃዋሚ አልተገኘም። ደስ ሲል!

ችግሩ የመጣው ኋላ ነው። መንገደኛው ሁሉ ባንዲራችንን እያየ ዘው ይል ጀመር። እናውርደው እንዳንል፣ በስንት ጭቅጭቅ የተገኘ ባንዲራ! ሰቅሎ መዋሸት ደግሞ ነውር ነውና፣ አሁን ከየስብሰባው በፊት ጠላ እንጠምቃለን።