ቀምሶ የሚተፋው ሽማግሌ

ወይን ቀምሶ የሚተፋ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አብሬው ሽማግልና ሄጃለሁ።

ወዳጄ ተፈራ እዚሁ ጅቡቲ ወይን የሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። አንድ ጊዜ ፈረንሳይ አገር ለዓለም አቀፍ የወይን ውድድር በዳኝነት ተጋበዘ። እዚያ ዳኞቹ ወይኑ የማን እንደሆነ ሳይነገራቸው ያሸታሉ፣ ይጉመጠመጣሉ፣ ይተፋሉ፣ ከዚያ ነጥብ ይሰጣሉ። ከተመለሰ ወዲህ ተፈራ ውሃ እንኳ ሳያሸት አይጠጣም።

ታዲያ ለወንድሜ ልጅ ሚስት ልንጠይቅ ካርቲየ ሁለት የሚባለው ሰፈር ሄድን። ልጅቷን ብቻቸውን ያሳደጉት እናቷ፣ እትዬ አሰገደች፣ በእጃቸው የጣሉትን ጠጅ ቀዱልን። ተፈራ ብርሌውን ወደ መብራቱ አነሳ፤ አሸተተ፤ ተጉመጠመጠና የእጅ መታጠቢያው ሳህን ላይ እንትፍ አለው!

አየር ማቀዝቀዣው እየሠራ እኔን ላብ አጠመቀኝ።

«ጠጄ ምን ሆነ?» አሉ እትዬ አሰገደች።

«ምንም! ዳኛ አይውጥም እኮ» አለ ተፈራ ደረቱን ነፍቶ። «ሰማንያ አምስት ነጥብ ሰጥቼዎታለሁ። የብር ሜዳሊያ ያሸልማል።»

«ልጄንስ? እሷንም ቀምሳችሁ ልትተፏት ነው የመጣችሁት?»

ዳኛውን በክርኔ ጎሰም አድርጌ «የልጁን ትዳር ልታፈርስ ነው? ዋጠው!» አልኩት።

ብርሌውን አንስቶ ጨለጠው። ደገሙለት፤ እሱንም ዋጠ። ሦስተኛው ላይ ነጥቡን ረስቶ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ስለ ልጁ ጨዋነት ይመሰክር ጀመር።

«አሁን ገና የሚታመን ሽማግሌ መጣ» አሉ እትዬ አሰገደች። «ልጄን ሰጥቻለሁ።»