የጋሽ ባስልዮስ ጣትና የግመል ቅልጥም

በየከተማው ሁሉ ነገር ተሟልቶለት አንድ ዕቃ ብቻ የቀረው ሰው አይጠፋም። ሜጋ ውስጥ ሆቴሉን ሠርቶ ጨርሶ ፍሪጅ እስኪመጣለት የሚጠብቅ አለ፤ ፍሪጁን ሲጠብቅ ጣሪያው ዛገ። ቡሌ ሆራ ደግሞ ለማግባት ሶፋ ብቻ የቀረው አለ። የታጨችለት ልጅ ሌላ አግብታ ወልዳ ከብዳለች፤ እሱ ግን የሶፋውን ቀለም ገና አልወሰነም። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ሰነፍ አይደለም፤ እንዲያውም ከሁላችንም በላይ ይለፋል። ልፋቱ ግን ውሃ መውቀጥ ነው፤ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ።

ለነገሌ የደረሷት ክቡር አቶ ባስልዮስ ናቸው።

ይህን አሳምሮ የሚያውቀው ሳቢር ነው። ሳቢር ገበያው ዳር የቧንቧና የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣል። በኦሮምኛ ይገበያያል፣ በአማርኛ ይከራከራል፣ ሲናደድ ሁለቱን ይቀላቅላል። ጋሽ ባስልዮስ ቅዳሜ ቅዳሜ ጊታራቸውን በትከሻቸው አንግተው ሱቁ ደጃፍ ሲቆሙ ግን ሁለቱም ቋንቋዎች ጥለውት ይሄዳሉ። "አካም ሳቢሮ፣ ናጋ?" ብለው ሰላም ጠይቀው ይገባሉ፤ የሳቢር ሰላም ከዚያ በኋላ አይገኝም። ሲሚንቶው ላይ ይቀመጡና የሱቁን ቱቦ ሁሉ ጣታቸው ላይ እያጠለቁ ሲሞክሩ ይውላሉ። ውሃ ማፍሰሻ ሊገዛ የመጣ ደንበኛ ሙዚቃ ቤት የገባ መስሎት ይመለሳል።

ነገሩ የጀመረው ከአደጋው ነው። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ጋሽ ባስልዮስ የግብርና ሠራተኛ ነበሩ፤ ከሥራ ሲወጡ ደግሞ ጊታር ይዘው የማይገኙበት ሰርግ አልነበረም። ሳቢር ያኔ ልጅ ነበር፤ የድንኳኑን ሸራ ገልጦ አንገቱን አስግጎ ይሰማቸው ነበር። ከዓመታት በኋላ ከወደራ ሲመለሱ የተሳፈሩበት አይሱዙ ተገለበጠ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ የግራ እጃቸው ጣቶች ግን አልታጠፍ ብለው ቀሩ። ጣት ካልታጠፈ ክር አይጫንም። ጊታሩ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ባለቤቱም ከሰርግ ቀሩ፣ ከዚያ ከለቅሶ ቤት ወግም ቀሩ፣ በመጨረሻ ከራሳቸው ቤት ጨዋታም ቀሩ።

ታዲያ አንድ ቀን ስልካቸው ላይ አንድ ሽማግሌ ጊታር ሲጫወት አዩ። ሰውየው ጣቱ ላይ ቱቦ አጥልቆ፣ ክሩን ሳይጫን፣ ላይ ላዩን እያንሸራተተ ያስለቅሰዋል። ጣቱ አይታጠፍም፤ መታጠፍም አያስፈልገውም። ጋሽ ባስልዮስ በዚያው ፍጥነት ወደ ሳቢር ሱቅ መጡ። እግዚአብሔር ጣቴን ያደረቀው ለዚህ ነው አሉ። ሙዚቀኞቹ ስላይድ ይሉታል፤ ሳቢር ግን እስከ ዛሬ ቱቦ ነው የሚለው።

የመጀመሪያው የውሃ ብረት ነበር። ሳቢር ቆርጦ፣ አፉን በሞረድ አስተካክሎ ሰጣቸው። እውነት ለመናገር ድምፁ ጥሩ ነበር፤ እስከ መስጊዱ ድረስ ጥርት ብሎ ተሰማ። ጋሽ ባስልዮስ ጆሯቸውን ወደ ጊታሩ ደፍተው ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ብረት ይጮኻል እንጂ አያዜምም። አንድ ነገር ቀረው።"

ይህቺ "አንድ ነገር ቀረው" የምትባል ነገር ሳቢርን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ነሳችው። ነሐስ አመጣላቸው። ነሐስ ከባድ ነው፣ ድምፁን ይዞ ያቆየዋል፤ ግን ያጨልመዋል፣ አንድ ነገር ቀረው። የጠርሙስ አንገት ቆርጦ አመጣ። ብርጭቆ ይለሰልሳል፣ ክሩ ላይ እንደ ቅቤ ይሄዳል፤ ግን ቶሎ ይረሳል፣ አንድ ነገር ቀረው። የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚታሰርበትን ሸክላ ሰበረላቸው። ሸክላ በብረትና በብርጭቆ መካከል የቆመ ሽማግሌ ነው፤ ሁለቱንም ያስታርቃል፣ የራሱ ሐሳብ ግን የለውም ተባለ። የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የመጋረጃ ዘንግ፣ ከሞተር ብስክሌት የወጣ የብረት ቀለበት፣ ሁሉም በየተራ ጣታቸው ላይ ወጥቶ ተፈርዶበት ወረደ። ይህን ያህል ተከሳሽ ያየ ዳኛ በዞኑ የለም።

አንድ ጊዜ ብቻ ዳኛው ዝም አሉ። ሳቢር ከቁራሊዮ ነጋዴ የትልቅ መሣሪያ ቀለሃ አግኝቶ ነበር፤ ወፍራም ነሐስ፣ ለጣታቸው ልክ። ድምፁ ሱቁን ሞላው፣ ክሩ ከተለቀቀ በኋላም አልጠፋም። ሳቢር ተገላገልኩ ብሎ አልሐምዱሊላህ አለ። ጋሽ ባስልዮስ ግን ቀለሃውን ቀስ ብለው አወለቁና ጠረጴዛው ላይ አቆሙት። ይሄ የሚጮኸውን ያህል አንዴ ጮኾ ጨርሷል አሉና ጊታራቸውን ይዘው ወጡ። ሳቢር ያን ዕለት ሊናደድባቸው ፈልጎ አልቻለም።

ሚስቱ ቀድሪያ ግን ትችላለች። ሰውየው የሚፈልጉት ቱቦ ሳይሆን ሰበብ ነው አለችው። ሳቢርም ይህን ካሰበው ቆይቷል፤ ከአፉ ማውጣት ነበር የከበደው። ዕቃው እስካልተገኘ ድረስ ጥፋቱ የዕቃው ነው። የተገኘ ቀን ምን ይኮናል?

እንዲህ እንዳሉ የጋሽ ባስልዮስ ልጅ ዲቦራ ከምታስተምርበት ከቡሌ ሆራ መጣች። ከፋሲካ በኋላ በዳግም ትንሣኤ ልትዳር ነው። በቀጥታ ወደ ሳቢር ሱቅ ገብታ፣ እንደ ወንድም እጁን ይዛ፣ ሕፃን ሳለች ስታለቅስ አባቷ እሷን የሚያባብሉበትን ዜማ አስታወሰችው። ራሳቸው ያወጡት ዜማ ነው፤ ግጥም የለውም።

"ሙሽሪት ሆኜ ያንን ብቻ ነው የምፈልገው" አለችው። "ድንኳንም፣ ቪዲዮም፣ ሌላም ባይኖር ግድ የለኝም። ሳቢሮ፣ ዕቃውን አግኝለት። አባዬ ሰው መካከል ከተቀመጠ ስንት ዘመኑ ነው።"

እሺ አላት። ምን ይበላት? ከዚያ ቀን ወዲህ የአንድ ሰው አመል የነበረው ነገር የሰርግ ዕዳ ሆነ።

አጥንት ቢሆንስ የሚለው ሐሳብ የመጣው ከራሳቸው ከጋሽ ባስልዮስ ነው። አጥንት ደረቅ ድምፅ አለው፣ እንደ ብረት አይጮኽም፣ እንደ ብርጭቆም አያጭበረብርም፤ ሰው ከሰው ጋር የሚያወራ ይመስላል አሉ። የፍየል ቅልጥም ጣታቸውን አላስገባ አለ። የበሬው ግድግዳው ሳሳና ክሩ ላይ ተንኳኳ። የቀረው የግመል ነው። የግመል ቅልጥም ወፍራም ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ነገሌ ደግሞ ሞልቶ የተረፈ ነው። ሰማታር የሚባለው የግመል ሥጋ ሻጭ ለሳቢር አንዱን መርጦ ሰጠው።

ችግሩ ጋሽ ባስልዮስ የቄስ ልጅ መሆናቸው ነው። እትዬ ወለተሐና፣ ባለቤታቸው፣ ወሬውን እንደሰሙ የግመል አጥንት ከደጃፌ አያልፍም አሉ። ሳቢር አልተቀየመም፤ የክርስቲያን ቢላዋ ያረፈበት አጥንት ቤቷ ቢገባ ቀድሪያም ያንኑ ነበር የምትለው። እዚህ አገር ሰው ከሰው ጋር ሁሉን ይካፈላል፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ብቻ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል።

ጋሽ ባስልዮስ ነገሩን ወደ ንስሐ አባታቸው ይዘው ሄዱ። አባ ግራ ገባቸው። ልትግጠው ነው ወይ ብለው ጠየቁ። አይ አባ፣ ጣቴ ላይ አጥልቄ ጊታር ልጫወትበት ነው። አባ ጢማቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡና ፈረዱ፤ ያልበሉት አያረክስም፣ ነገር ግን ወቅቱ ሁዳዴ ነው፣ ምእመን በጾም ቅልጥም ይዞ ቢታይ ለሌላው መሰናክል ይሆናል። ፋሲካ ይለፍ። ጋሽ ባስልዮስ ፍርዱን በደስታ ተቀበሉ። ሳቢር ደስታቸውን አይቶ አዘነ፤ ሁለት ወር ሙሉ የሚሞከር ነገር የለም ማለት ነው፣ የማይሞከር ነገር ደግሞ አይከሽፍም።

ሁዳዴን ሙሉ አጥንቱን የተንከባከበው እንግዲህ ሳቢር ነው። አፈላው፣ በአመድ ውሃ ዘፈዘፈው፣ በመጋዝ ቆረጠው፣ ውስጡን በሞረድ ጠረበው፣ ሱቁ ጣሪያ ላይ ፀሐይ አስመታው፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ አሸው። የነገሌ የበጋ ፀሐይ እንኳን አጥንት ድንጋይም ያደርቃል። ቀድሪያ ለእኔ ቀለበት ስትገዛ እንኳ ይህን ያህል አልተጨነቅክም አለችው።

ፋሲካ አለፈ። ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ጋሽ ባስልዮስ መጡ። ሳቢር የሱቁን በር ገርበብ አደረገ። አጥንቱን አጠለቁት፣ ልክ ነበር። ክሩ ላይ አሳረፉት።

ሳቢር ስለ ሙዚቃ የሚያውቀው ነገር የለም። ያን ድምፅ ግን አወቀው። ልጅ ሆኖ ሸራ ገልጦ የሰማው ድምፅ ነው፤ ሞቅ ያለ፣ ደረቅ፣ ምንም የማይደብቅ። ምንም አልቀረውም። ጋሽ ባስልዮስም አወቁት፤ ፊታቸው እንደ ጎረምሳ ፊት በራ። ከዚያ የዲቦራን ዜማ ጀመሩ።

እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ሙዚቀኛ ለጌጥ የሚያንቀጠቅጠው ዓይነት አይደለም። ክንዳቸው ራሱ አልታዘዝ አለ፤ አጥንቱ የሚያርፍበትን ቦታ አልፎ ይሄዳል፣ ሊመልሱት ሲሉ በሌላ በኩል ያልፋል። እንደገና ጀመሩ። እንደገናም ጀመሩ። አጥንቱ ደግሞ ውሸታም አይደለም፤ ብረቱ በጩኸቱ፣ ብርጭቆው በልስላሴው የሚሸፍነውን ይሄ አንድ በአንድ ተናገረ። ብርሃኑ ከፊታቸው ላይ ሲወርድ ሳቢር እያየ ነበር፤ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ።

ጋሽ ባስልዮስ አጥንቱን አውልቀው፣ በመሐረብ ጠርገው፣ እጁ ላይ አስቀመጡለት።

"ሠርተኸዋል" አሉት። "ዕቃው ሙሉ ነው።"

ጊታራቸውን አንግተው ወጡ።

ሰርጉ ተሰረገ። ከሐዋሳ የመጣ ልጅ ኦርጋን ተጫወተ፣ ሰው ጨፈረ። ዲቦራ አንድ ጊዜ ወደ አባቷ ወንበር ዞራ አየችና አልጠየቀችም። አባቷ ከመረቁ በኋላ ራሴን አሞኛል ብለው ጓዳ ገቡ።

ከሰርጉ በኋላ በመጣው ቅዳሜ ጋሽ ባስልዮስ ሱቁ አልመጡም፤ በሚቀጥለውም ቅዳሜ አልመጡም። ሳቢር ለዓመታት ዱዓ ሲያደርግበት የኖረው ጸጥታ ይኸው መጣለት። ደንበኛው ሁሉ ቧንቧውን ገዝቶ በሰላም ይሄዳል። ሲሚንቶው ላይ የሚቀመጥበት የለም፤ የሚፈርድ የለም። ሳቢር ሒሳብ ይሳሳታል፣ ያለ ምክንያት በር በር ያያል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው ሆኖበት፣ አንድ ቀን ቱቦ ሲቆርጥ ዓይኑ ሞላ። ብናኙ ነው አለ፤ ቀድሪያ አላመነችውም። ሂድ አለችው።

አጥንቱን በወረቀት ጠቅልሎ ሄደ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ የእትዬ ወለተሐናን ትእዛዝ አስታወሰና ቆመ። በሩን የከፈቱት እሳቸው ናቸው። ፊታቸው ተጎሳቁሏል። የተጠቀለለውን አዩ፣ ምን እንደሆነም ገባቸው።

"ከተኛ ተነሥቶ አያውቅም" አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ። "ግባ ልጄ። ከነአጥንትህ ግባ።"

ጋሽ ባስልዮስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል። ሳቢር አጠገባቸው ተቀመጠ። በመንገድ ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋበት።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። አጥንቱ አልደረቀም ነበር። እርጥብ አጥንት እጅ ያንሸራትታል፤ እጅዎ አይደለም።"

ጋሽ ባስልዮስ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ሁለት ወር ነገሌ ፀሐይ ላይ ውሎ አልደረቀም ወይ ብለው ጠየቁት።

"አልደረቀም" አለ ሳቢር፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ጋሽ ባስልዮስ ዞሩ። ለረዥም ጊዜ አዩት። ውሸቱን አወቁት፤ ማወቃቸውን ደግሞ ሳቢር አወቀ። የዳኝነት መልካቸው ግን ከየት እንደሆነ እንጃ፣ ቀስ እያለ ተመለሰ። ክንዳቸውን ተደግፈው ቀና አሉ።

"ደግሞ ከዚህ በላይ ከደረቀ ይሰነጠቃል።"

"ይሰንጠቅ፣ ጋሼ" አለ ሳቢር። "እኛ አገር ግመል ይጠፋል እንዴ?"