የሐጂ ኑሩ ሳል

ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ማን እንዳመጣብን አላውቅም፤ ያመጣው ሰው ግን ሆዱ ተነፍቶ እንደማያውቅ እምላለሁ። እየራበን «አሁን በላሁ» እንላለን። እያመመን «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ብለን እናልፋለን። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲሉን ራሳችንን በአዎንታ እንነቀንቅና በሽታችንን እንደብቃለን። እናንተም እንዲሁ ናችሁ፤ አይደለንም ካላችሁኝ ያንንም ያላችሁት በይሉኝታ ነው። እኔ እስከ ባለፈው ክረምት ድረስ ይሉኝታ ቢበዛ ጦም ያሳድራል እንጂ ሰው ይገድላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አማቼ፣ የሚስቴ አባት አቶ ፈንታ፣ ከዘንገና ሐይቅ አለፍ ብሎ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ሰው የሚያውቃቸው ግን በፈረስ ነው። አንድ ዓመት ዳማ የምትባል ባዝራቸው ሆዷ ተነፍቶ ምንም አልወጣ አላት። አቶ ፈንታ ቀኑን ሙሉ ሲያዞሯት ዋሉ፤ እየቆሙ ጆሯቸውን ጎኗ ላይ ይለጥፉና ያዳምጣሉ። «የተዘጋ ፈረስ ከሦስት ቀን አያልፍም» አሉኝ ያን ዕለት። አመሻሹ ላይ ባዝራዋ ያን ነገር፣ ስሙን አልጽፈውም፣ ታውቁታላችሁ፣ በጎረቤት ሁሉና በንስሐ አባታቸው ፊት ለቀቀችው። አቶ ፈንታ ጋቢያቸውን ጥለው አንገቷን አቀፏት፤ ዳነችልኝ እያሉ ቄሱንም እኔንም ሳሙን።

ባለፈው ክረምት እሳቸው ራሳቸው እንዲያ ሆኑ። አምስት ቀን ሙሉ ምንም አልወጣቸውም፤ ሆዳቸው ተወጠረ፣ የጎረሱትን ሁሉ ይመልሱት ጀመር። ልጃቸው፣ ባለቤቴ ይታይሽ፣ ስትደርስ የነገሯት በአገውኛ ነበር። እኔ የዳንግላ ከተማ ልጅ ስለሆንኩ አገውኛዬ ከሰላምታ አያልፍም፤ ከንግግራቸው መካከል ግን «ዳማ» የምትለዋን ሰማሁ። ፈራሁ።

ኢንጅባራ ሆስፒታል በአፍንጫቸው ቱቦ አስገቡላቸው፣ ራጅ አነሷቸው፣ ወደ ባሕር ዳር ሂዱ ብለው ወረቀት ጻፉልን። የተከራየነው መኪና ሾፌር በየከተማው ላለ ጓደኛው እየደወለ «መንገዱ ክፍት ነው?» ይላል፤ የዘመኑ መንገደኛ ሰላምታ ይህ ሆኗል። እኔ ከኋላ ተቀምጬ የአማቼን ሆድ እያየሁ ያንኑ ጥያቄ ለራሴ እጠይቃለሁ።

ባሕር ዳር ያገኘነው ሐኪም ወጣት ነው፤ ይታይሽንና እኔን ኮሪደር ላይ አውጥቶ አልደበቀንም። ትልቁ አንጀት ላይ ዕጢ በቅሏል፣ ካንሰር ነው፣ መንገዱን የዘጋው እሱ ነው አለ። ይታይሽ መጀመሪያ ያለችው «ለአባቴ እንዳትነግረው» ነው። ሐኪሙ የማወቅ መብት አላቸው ቢልም ለቅሶዋን ሲያይ ለጊዜው ይሁን አለ። ለአቶ ፈንታ አንጀትዎ ታጥፎ ነው አልናቸው።

ከዚያ ሐኪሙ ስለ ስቴንት ነገረን። ከቀጭን ሽቦ እንደ ወንፊት የተሠራ ቱቦ ነው። ተጣጥፎ ይገባና ጠባቡ ቦታ ላይ ሲደርስ ቀስ እያለ ይከፈታል፤ ዕጢውን ወደ ጎን ገፍቶ መተላለፊያ ይሠራል። በየት በኩል እንደሚገባ አትጠይቁኝ። አቶ ፈንታም አልጠየቁም፣ ከገባላቸውም በኋላ አንስተውት አያውቁም። «ዋናው ምልክት ጋዝ ነው» አለ ሐኪሙ። «አየር ከወጣቸው ወዲያው ንገሩኝ። እስከ ነገ ጠዋት ምንም ከሌለ ሆዳቸውን ለመክፈት እንገደዳለን። ልባቸው ደካማ ነው፤ ማደንዘዣውን መቻላቸውን እጠራጠራለሁ።»

ሽቦው በሰላም ገባ። እኔም እንደ ደግ አማች ከአልጋቸው ራስጌ ለደቂቃ እንኳ ሳልነሳ ተቀመጥሁ። ይታይሽ ሾርባ ፍለጋ፣ መድኃኒት ፍለጋ ትወጣለች ትገባለች፤ እኔ ግን እንደተተከልኩ ነኝ። ሰው እንዲህ ያለ አማች ስጠን ይላል ብዬ ራሴን እስከማመስገን ደርሼ ነበር። ነርሷ በየጊዜው ትመጣለች፤ «አባባ፣ አየር ወጣ?» ትላቸዋለች። እሳቸው አንዴ እኔን ያያሉ፣ አንዴ ግድግዳውን ያያሉ፤ «ምንም የለም» ይላሉ።

ከጎናችን ባለው አልጋ የጫግኒ እህል ነጋዴ የሆኑ ሐጂ ኑሩ የሚባሉ ሰው ተኝተዋል፤ የሐሞት ጠጠር በቀዶ ሕክምና ወጥቶላቸው ስፌታቸው ገና ትኩስ ነው። እኒህ ሰውዬ ድንገት ይስላሉ። ለረጅም ሰዓት ጸጥ ይሉና በኃይል ይስላሉ፤ ከዚያ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያቃስታሉ። ለሐሞት ጠጠር የገባ ሰው ምን ያስለዋል? በዚህ ላይ የሳንባ በሽታ ሊያስይዙን ነው ብዬ ይታይሽን ማስክ አስገዛኋት፤ አንዱን እኔ አጠለቅሁ፣ አንዱን ለአማቼ አጠለቅሁላቸው። ሐጂ ማስኩን አዩና ፊታቸውን መለሱ።

ጠዋት ሐኪሙ መጣ። ሆዳቸውን ዳሰሰ፤ ትንሽ የለሰለሰ ይመስላል አለ፣ ጠየቃቸው፣ «ምንም የለም» አሉት። ፊቱ ጠቆረ። ራጅ እስኪነሱ የቀዶ ሕክምናው ዝግጅት ይጀመር ብሎ የፈቃድ ወረቀት ሰጠንና ወጣ። ይታይሽ ማየት አቅቷት ወደ እኔ ገፋችው። ኢንጅባራ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለኝ ሰው ነኝ፤ ስንት ሺህ ወረቀት በእጄ አልፏል። ያን ወረቀት ግን ገልብጬ ጭኔ ላይ አስቀመጥሁት። የምፈርመው በሰውየው ሞት ላይ መሰለኝ።

«ልጄ» አሉ ሐጂ ኑሩ። «እስኪ ጠጋ በል።»

ጠጋ አልኩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ከትናንት ወዲህ አራት ጊዜ ወጥቷቸዋል። እኔ ጉንፋን የለብኝም። አንተ እንዳትሰማ ብዬ ነው የሳልኩት፤ በአማች ፊት እንዴት ይሆናል? ቢላ ከመጣ ግን ዝም ብል አላህ ይጠይቀኛል። አሁን አንተ ውጣና ሐኪሙ ለብቻው ይጠይቃቸው።»

ሮጥኩ። ሐኪሙን ከደረጃው ላይ መልሼ አስገባሁትና እኔ ከበሩ ውጭ ቀረሁ። ለካ ሰውየውን ወደ ቢላ እየነዳኋቸው የነበርኩት እኔው ከነአክብሮቴ ነኝ። ሐኪሙ ሲጠይቅ ይሰማኛል፤ ሐጂ አራት ጊዜ ብለዋል፣ እውነት ነው ወይ ይላቸዋል። ቀጥሎ የአማቼ ድምፅ ደከም ብሎ መጣ።

«አምስት። በአንዱ ሐጂ ተኝተው ነበር።»

ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ራጁም መንገዱ መከፈቱን አሳየ፤ ወረቀቱም ሳይፈረም ቀረ።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር። ሐኪሙ ግን ሲያሰናብተን ለይታይሽና ለእኔ ለብቻችን ደግሞ ነግሮናል፤ ሽቦው መንገዱን ከፈተ እንጂ የዘጋውን አላነሳም። ለመድኃኒት ቀጠሮ ሰጥቶናል፤ ስንት ጊዜ እንዳለን ግን አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም። ከመሞት መሰንበት ብለን ይዘናቸው ተመለስን። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስልክ በጠራ ቁጥር ከማንሳቴ በፊት የማን ቁጥር እንደሆነ ሁለቴ አያለሁ። እሳቸው ዘንድ ስንሄድ ግን ስለ ድንቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዳማ ውርንጭላ እናወራለን።

ባለፈው እሑድ ዳማን እያሻሹ አገኘኋቸው። ከስተዋል፤ ጋቢው ትከሻቸው ላይ አይረጋም። ይታይሽ ወደ ቤት እስክትገባ ጠበቁ።

«ሐጂ ደግ ሰው ናቸው» አሉኝ። «ስፌታቸው እያመማቸው ሳሉልኝ።»

እውነት ነው አልኳቸው።

«እናንተም ደጎች ናችሁ። ከባሕር ዳር ከተመለስኩ ወዲህ ቤቱ ሁሉ ይስላል። ልጄ ትስላለች፣ አንተም ትስላለህ።» እጃቸው ከባዝራዋ አንገት ላይ አልተነሳም። «ምን እንዳልሰማ ነው?»

ያን ቀን ሐጂ ኑሩ የሰጡኝን ትምህርት አልረሳሁትም፤ መናገር እንዳለብኝም አውቃለሁ። አፌን ከፈትኩ። ጉሮሮዬን ምንም አልያዘኝም ነበር።

ሳልኩ።