ሁለት ሰከንድ የሚይዝ መኪና

ደፍሬ ልናገርና፣ የደብረ ማርቆስ ሰው ሁሉ ሾፌር ነው! መኪና ያለው ጥቂት ነው፤ መንጃ ፈቃድ ያለው ደግሞ… እሱን እንተወው። ግን አንድ ምስኪን ዳገት ላይ ሞተር ሲጠፋበት አይቶ ሳያስተምር ያለፈ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አልገጠመኝም። ሽንኩርት ሻጯ ታስተምራለች። በቅሎ ላይ ያሉት ሽማግሌ ያስተምራሉ። ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠው ተሳፋሪ እንኳ አንገቱን አውጥቶ «ማርሽ ቀንስ!» ይላል። ከአንደኛ በታች ማርሽ እንደሌለ ማን ይንገረው?

ሦስት ሳምንት ሙሉ ለምን እንዳልጻፍሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ምክንያቱን ቀጥ አድርጌ ለመናገር ሞክሬ አልሆነልኝም። ስለዚህ ከዳገቱ ልጀምር።

አያ ታላቅ ወንድሜ ነው። ነበር። …ነው ብዬ ልቀጥል፤ ለዛሬ ፍቀዱልኝ። ስሙ የሺዋስ ነው፤ እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አያ ነው የምለው። ሥራው የእህል መኪና መንዳት ነው። እኔ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና አራት ወሬ ስለነበር፣ ሥራ በማይበዛበት ቀን መሪውን ይሰጠኝና እሱ ከጎኔ ተቀምጦ ቆሎውን ይቆረጥማል። ስሳሳት ቆሎ መቆርጠሙን ያቆማል። በዚያ ነው ስሕተቴን የማውቀው።

ይኸ መኪና ማርሹ እንደማንኛውም መኪና በእጅ ይቀየራል፤ ግን አንድ ጉድ አለው። የዳገት መነሻ ረዳት ይሉታል። ዳገት ላይ ቆማችሁ ፍሬኑን እስከ ወለሉ ድረስ ስትረግጡ ትንሽ መብራት ትበራለች። ከዚያ እግራችሁን ብታነሡም መኪናው ለሁለት ሰከንድ ያህል ፍሬኑን ራሱ ይይዝላችኋል። በዚያች ጊዜ ውስጥ እግራችሁን ወደ ነዳጁ አሻግራችሁ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ለቅቃችሁ መነሣት ነው። ሲነገር እንዴት ቀላል ነው!

ያን ቀን ደምበጫ እህል ልንጭን ሄደን፣ ጭነን ስንወጣ መሪው ላይ እኔ ነበርሁ። ከገበያው ወደ አስፋልቱ የምታወጣዋ አቀበት ላይ አንድ የፈረስ ጋሪ ፊቴ ቆመ። እኔም ቆምሁ። ጋሪው ሄደ። እኔ… አልሄድሁም።

«ፍሬኑን ልቀቅ» አለ አያ።

«ይንሸራተታላ!»

«አይንሸራተትም። ይይዝልሃል።»

«ማን ነው የሚይዝልኝ?»

«መኪናው ነዋ!»

«ለስንት ጊዜ?»

«ለሁለት ሰከንድ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንተ ነህ። ሌላ ሰው ጠርተሃል እንዴ?»

እግሬ ግን እምቢ አለ። ሃያ ስድስት ዓመት አብሮኝ የኖረ እግር፣ በዚያች አቀበት ላይ አላውቅህም አለኝ! በትንሹ ላነሣው እሞክርና መልሼ እረግጣለሁ፤ ሞተሩ ይጠፋል። አስነሣዋለሁ፤ ይጠፋል። ከኋላዬ የነበረው ባለ ባጃጅ ወረደና፣ ማንም ሳያዘው፣ የራስ ቅል የሚያህል ድንጋይ ተሸክሞ ከኋላ ጎማዬ ሥር አስገባ። ከዚያ ወደ አያ መስኮት መጣ።

«ወንድም፣ ልጁን ከየት ነው ያመጣኸው?»

«ከአንድ ማኅፀን ነው የመጣነው» አለ አያ ቆሎውን እያቀረበለት። «እሱ ሲወጣም እንዲሁ ነው ያስቸገረው።»

በመጨረሻ የእጅ ፍሬን ስቤ፣ በድሮው ዘዴ ወጣሁ። አያ እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ እየሳቀብኝ መጣ። እህሉን መጋዘን አራግፈን ስናበቃ መሪውን ተቀበለኝና የሰፈራችንን ዳገት ራሱ ነዳው። መኪናውን በራችን ላይ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ አቆመው።

«ነገ ጠዋት እዚችው ላይ እንሞክረዋለን» አለኝ። «ቢያንስ እዚህ የሚያይህ የራስህ ጎረቤት ነው።»

ማታ ደረቴን ወጋኝ አለ። ሐኪም ቤት ወሰድነው። የቻሉትን ሁሉ አደረጉ። ሳይነጋ አረፈ።

ይህን ያህል ነው የምለው።

ሲነጋ የእድር ሰዎች ድንኳን ተሸክመው መጡ። በደጃችን ድንኳን የሚተከልባት ሰፋ ያለች ቦታ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ላይ፣ አፍንጫው ዳገቱን እንዳየ፣ መኪናው ቆሟል። ወደ ኋላ እንዳይመለስ የጎረቤት አጥር አለ። ያለው መንገድ ወደ ላይ ነው። ከመርጡለ ማርያም የተነሡት ዘመዶቻችን ሊደርሱ ነው። የሚያውቁኝ ሾፌሮች ደግሞ ከፊሉ መንገድ ላይ ናቸው፤ ከፊሉ መቃብር ሊቆፍሩ ሄደዋል።

«እኔ አነሣዋለሁ» አልሁ።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ አለኸኝ አፍጥጠው አዩኝ። «ሐዘንተኛ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል እንጂ መኪና ይነዳል?»

ማልቀሱ እንኳ ከሌሊት ጀምሮ እምቢ ብሎኝ ነበር። ሰዎች ይህን አይተው እርስ በርስ ይንሾካሾኩ ነበር፤ አልሰማም ብላችሁ እንዳትሸወዱ።

«ጋሽ አለኸኝ፣ እርስዎ ይነዱታል?»

በሩን ከፈትሁና ገባሁ።

ገብቼ ስቀመጥ እግሬ ፍሬኑ ጋ አልደረሰም። አያ ከእኔ በአንድ ጭንቅላት ይረዝማል፤ ወንበሩን እስከ ኋላ ገፍቶ ነው የሚነዳው። ትናንት ሲወርድ እንደተወው ነው ያለው። ጫፉ ላይ ተንጠልጥዬ፣ ሞተሩን አስነሥቼ፣ በእግሬ ጣት ጫፍ ፍሬኑን ነካ አድርጌ፣ የእጅ ፍሬኑን አወረድሁ። እግሬን አነሣሁ። መኪናው ምንም አልያዘልኝም! ወደ ኋላ አንድ ክንድ ተንሸራተተ።

«ያዘው! ያዘው!» የሚል ጩኸት ከኋላ መጣ።

መልሼ ረገጥሁት፤ የእጅ ፍሬኑን ሳብሁት። በመስተዋቱ ሳይ፣ ጋቢ የለበሱ ሰባት ሽማግሌዎች የድንኳኑን ምሰሶ ጥለው በትከሻቸው መኪናውን ደግፈዋል። ከኋላው ሽሹ ብል ማን ሊሰማኝ! ጋሽ አለኸኝ እየተነፈሱ ወደ መስኮቴ መጡ።

«አንተ ልጅ! ለዛሬ የምናለቅሰው ለአንድ ሰው ነው። አታብዛብን!»

«ፍሬኑን እስከ ታች ካልረገጥሁት አይዝም። ወንበሩ ራቀኝ።»

«ሳበዋ!»

«አያ… እሱ እንዳስቀመጠው ነው ያለው።»

ጋሽ አለኸኝ ወንበሩን አዩት። እኔን አዩኝ። የሚገሥጹኝ መስሎኝ ነበር።

«ወንበሩን ስንት ጥርስ ነው የምትስበው?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አራት።»

«እንግዲያ አራት መሆኑን እኔም ሰምቻለሁ። ሳበው፤ ልመልሰው ባልህ ቀን ቁጥሩ ቢጠፋህ እኔን ትጠይቃለህ።»

ሳብሁት። ቀጭ። ቀጭ። …ቀጭ። አራተኛው ከበደኝ። ቀጭ።

እስከ ወለሉ ረገጥሁ። መብራቷ በራች። የእጅ ፍሬኑን አወረድሁ፤ እግሬን አነሣሁ… እናንተዬ፣ ያዘ! እውነትም ያዘ! የመጀመሪያዋን ሰከንድ በመገረም አባከንኋት። በሁለተኛዋ ነዳጁን ሰጠሁት፤ ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁት፤ መኪናው ተነሣ።

ሽማግሌዎቹ ግን መኪናው ይይዛል ሲባል ከመጀመሪያውም አላመኑም ነበርና እንደተደገፉ ናቸው። የተደገፉት ነገር ድንገት ሲሄድ፣ ሁሉም እኩል በጉልበታቸው ተደፉ። ግቢ ውስጥ ያሉት ሴቶች በአጥሩ ቀዳዳ ያዩትስ? ሰባት ሽማግሌ ባንድ ጊዜ መሬት ላይ ሲወድቅ! ሐዘኑ የጸናባቸው መሰላቸው፤ ለቅሶው ከዚያ በፊት ባልሰማሁት ኃይል ቀለጠ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ለማንም እንደዚህ ወድቀው አያውቁም ብለው ዛሬም ድረስ ያወራሉ። እኔም አላስተባበልሁም።

ከላይ ሜዳው ላይ አቆምሁት። ማርሽ አስገብቼ ሞተሩን አጠፋሁ። መሪውን እንደያዝሁ ቀረሁ። ጣቶቼ አልላቀቅ አሉ።

ጋሽ አለኸኝ ዳገቱን እያለከለኩ ወጡ። ነጭ ጋቢያቸው በጭስና በጭቃ ጥቁር ሆኗል። በሩን ከፈቱልኝ።

«ድንኳኑ እየተተከለ ነው» አሉኝ። «ሥራህን ጨርሰሃል። በል ውረድና አልቅስ።»

ወረድሁ። ሳላስበው መጣ፤ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስሁት። ጋሽ አለኸኝ የጋቢያቸውን ጫፍ ይዘው ፊቴን ጠረጉልኝ። ስጨርስ ብታዩኝ፣ ከመኪናው ጭስ ማውጫ የወጣሁ ነበር የምመስለው።