አቦይ ተኽለ ካርቱን ያዩ ዕለት

ከአማት ሁሉ የከፋው የሚቆጣው አይደለም፤ የሚያንሾካሹከው ነው! የሚቆጣ አማት የቱ ጋ እንዳጠፋችሁ ይነግራችኋል፤ ጉልበት ስማችሁ ይቅርታ ትጠይቃላችሁ፣ ያልፋል። የሚያንሾካሹከው ግን መርቋችሁ ይሁን ረግሟችሁ በምን ይታወቃል? እኔ የሳባን አባት ቤት ደጃፍ መጀመሪያ የረገጥኩ ዕለት፣ አቦይ ተኽለ በሩ ላይ ቆመው ከንፈራቸውን አነቃነቁ። አንዲት ቃል ጆሮዬ አልደረሰችም። ምርቃት ነው ብዬ ጎንበስ አልኩና «አሜን! አሜን! እግዜር ይስጥልኝ!» ስል ግቢው አስተጋባ። ኋላ ሳባ እንደነገረችኝ ያሉት «ጫማህን ጥረግ» ነበር።

ነገሩ የሆነው አስመራ ነጻነቷን አግኝታ ገና ብዙ ሳትቆይ ነው። ሰዓት እላፊ ቀርቶ፣ ሰው አመሻሹ ላይ ያለ አንዳች ጉዳይ ዋናውን ጎዳና ሽቅብና ቁልቁል የሚመላለስበት፣ በየሰፈሩ ሠርግ የሚደገስበት ደግ ጊዜ። እኔም የሰው ሠርግ ሳይ ጊዜ አማረኝና ሳባን ላግባ አልኩ። ሳባ ትፈልጋለች፣ እኔ እፈልጋለሁ፣ እናቴ እንኳ ትፈልጋለች። የቀሩት አባቷ ናቸው። የሳባ እናት በልጅነቷ ስለሞተችባት አባትና ልጅ ሁለት ብቻ ናቸው፤ እሳቸው «እሺ» ካላሉ ሳባ ንቅንቅ አትልም።

እንቅፋቱ ምን መሰላችሁ? ድምፄ! አስመራ ውስጥ ማይ ጭሆት ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ የስፖርት አስተማሪ ነኝ፤ አንድ ሜዳ ሙሉ ልጅ በጩኸት ነው የምነዳው። በዚያ ላይ እናቴ የወሎ ሴት ናት፤ ከጓዳ ሆና ስትጠራኝ ፌርማታው ላይ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ «አቤት!» ይላል። ሳቄንም የወረስኩት ከእሷ ነው። ከልቤ ከሳቅሁ ጣሪያ ላይ ያለ ርግብ ይነሣል... ምን ላድርግ?

አቦይ ተኽለ ደግሞ የሚኖሩት ገጀረት ሰፈር፣ ግማሽ ቪላ ውስጥ ነው። ግማሽ የምለው በምክንያት ነው። ጣሊያን የሠራው ቤት በደርግ ጊዜ መሀሉ ላይ ግድግዳ ቆመበትና ወዲያኛው ግማሽ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆነ። እስቲ አስቡት፤ እሳቸው ከሚተኙበት ግድግዳ ማዶ የቀበሌው ሊቀመንበር ስብሰባ ይመራል! በዚያ ቤት ሳባ አፏን የፈታችው በሹክሹክታ ነው። ቁም ነገር ከመጣ ቧንቧ ይከፈታል፣ የውሃው ድምፅ ወሬውን እንዲሸፍን። የአስመራን ውሃ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። እና ውሃ ካልመጣ በአቦይ ተኽለ ቤት ቁም ነገር የለም!

«አሁንማ ደርግ የለ፣ ቀበሌ የለ!» ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ቀበሌው የነበረበት ቤት ዛሬ መዋለ ሕፃናት ሆኗል። ሕፃናቱ ከማዶ ጣሪያው እስኪነቀል ይዘምራሉ፤ አቦይ ተኽለ ግን ከወዲህ ሆነው ጨው እንዲቀርብላቸው እንኳ ወደ ልጃቸው ጆሮ ጠጋ ይላሉ።

አንድ ቀን ውሃ መጣና ተጠራሁ። አቦይ ተኽለ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ተቀምጠዋል። ሳባ ቧንቧውን ከፈተች፣ ጆሮዋን ሰጠቻቸው፣ ፍርዱን ሰማች፣ ወደ እኔ መጣች።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«ቀስ በል!... "ጥሩ ልጅ ነው" ይላል አቦይ።»

«አየሽ!»

«"ግን ይሄ ድምፅ ቤት ያስፈትሻል" ይላል።»

«የማንን ቤት? ማነው ፈታሹ?» ብዬ ስጮህ አቦይ ተኽለ ደንግጠው ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው ሰደዱ። ሳባ ቧንቧውን የባሰ ከፈተችው። ከማዶ ሕፃናቱ ስለ ጥንቸል ይዘምራሉ።

ዘዴውን ያመጣችው ሳባ ናት።

«ሲኒማ ውሰደው» አለችኝ በማግሥቱ።

«አባትሽን? ሲኒማ?»

«እወ! እዚያ መናገር ክልክል አይደል? ጎኑ ቁጭ በል፣ ፊልሙ እስኪያልቅ ትንፍሽ እንዳትል። ዝም ማለት እንደምትችል በዓይኑ ይይ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ካለሁ ትስቃለህ፤ ቤት ሆኜ እጠብቃችኋለሁ። ሐደራ! እዚያ አፍህን ከዘጋህ ተጋባን ማለት ነው።»

ጓደኛዬ ዮናስ ሲኒማ ቤት በር ላይ ትኬት ይቆርጣል። ሄጄ ጠየቅሁት።

«የዚህ ሳምንት ፊልም ምንድን ነው?»

«ካርቱን።»

«ስለ ምን?»

«ኣንታ! ካርቱን ስለ ምን ይሆናል? ይሯሯጣሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይነሣሉ... በቃ!»

ከዚህ የበለጠ ሰላማዊ ነገር ከየት ይመጣል? ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አቦይ ተኽለን ይዤ ገባሁ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ካርቱን ነው ስለተባለ አስመራ ልጆቿን ሁሉ ይዛ መጥታለች፤ ፉል፣ እናንተ ኦቾሎኒ የምትሉት ማለት ነው፣ በየወንበሩ ይቆረጠማል። አቦይ ተኽለ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ።

መብራት ጠፋ። ትልልቅ ዓይኖች ያሏት፣ በጥቁር ቀለም የተሣለች ልጅ ብቅ ስትል ሕፃናቱ አጨበጨቡ። ልጅቷ ትምህርት ቤት ተሰለፈች። ግድግዳው ላይ ላለው ሪዛም ሰውዬ ፎቶ ዘመረች። ጨርሳ ወደ ቤቷ ሄደች። እናቷ መጋረጃውን ዘጋች። አባቷ ሬዲዮ ታቅፎ ብርድ ልብስ ተከናነበ...

ቋንቋው የማን እንደሆነ አላወቅንም፤ የአገሩም ስም የትም አልተጻፈም። አስተርጓሚ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም። በደርግ ጊዜ አስመራ ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የበረሃውን የታጋዮች ሬዲዮ ያልሰማ ቢኖር፣ ወይ ሬዲዮ ያልነበረው ነው ወይ ብርድ ልብስ። አዋቂው ሁሉ ፉሉን መቆርጠም አቆመ። ልጆቻችንን ልናዝናና ገብተን የራሳችንን ቤት ሥለው ጠበቁን!

እኔማ በሆዴ «ዮናስ፣ ብቻ ልውጣ!» እላለሁ። በጎን አየት ሳደርግ አቦይ ተኽለ የወንበሩን እጀታ ጨብጠዋል። ፊልሙ ላይ ቡትስ ጫማዎች ደረጃ መውጣት ጀመሩ። ፊት የላቸውም፤ ጫማ ብቻ ናቸው። የልጅቷ አባት አልሰማም፤ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ ሬዲዮውን ያዳምጣል። ጫማዎቹ በሩ ጋ ደረሱ...

«ኣጥፍእዎ!»

ዘለልኩ። እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፤ ወፍራም፣ ከሆድ የሚወጣ፣ ቅዳሴ የሚመራ ድምፅ። ማነው ብዬ ዞር ዞር አልኩ... ከጎኔ ነው!

«አጥፉት ሬዲዮውን! መጡባችሁ እኮ!» አቦይ ተኽለ ብድግ ብለው በባርኔጣቸው ወደ ፊልሙ እያመለከቱ ነው።

አሁን «ቁጭ በሉ!» የሚል ሰው ይነሣል ብዬ ጠበቅሁ። የተነሣው ሌላ ነው።

«አልጋ ሥር ደብቀው!» አለ ከፊት የተቀመጠ ሰው።

«አልጋ ሥርማ መጀመሪያ ነው የሚያዩት!» አለች አንዲት እናት፣ ልጇን ታቅፋ። «ዱቄት ውስጥ ቅበሩት!»

«ዱቄቱን በሳንጃ ይወጉታል፣ እመቤቴ!»

«የእኛን አልወጉትም!»

«እናንተ ዕድለኞች ናችሁ!»

«ድስት ውስጥ!» አሉ አቦይ ተኽለ፣ አዳራሹን በሙሉ እያናወጡ። «ድስት ውስጥ አድርገህ ክደነው! ምድጃ ላይ ጣደው!»

«ወጥ መስሏቸው ከከፈቱትስ?» አለ ከሰገነቱ አንድ ሽማግሌ።

«የእኔን ወጥ አንዴ ቀምሰው አያውቁም መሰለህ? አይከፍቱትም!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ብቻ! ሁለት እጄን አፌ ላይ ጭኜ፣ ላብ አጥምቆኝ፣ ትከሻዬ እየተንቀጠቀጠ ዝም አልኩ። ዮናስ ባትሪ ይዞ እየሮጠ መጣ።

«ወገኖቼ! ሥዕል እኮ ነው! አይሰማችሁም!»

«አንተ ዝም በል!» አለችው ያቺ እናት። «የሚነግረው አጥቶ ስንት ሰው ተበላ!»

ሥዕሉ ላይ ያለው አባት ይሄን ሁሉ ምክር ትቶ ሬዲዮውን ቁምሳጥን ውስጥ ከተተው። «ዋይ!» አለ አዳራሹ ባንድ ድምፅ። «ቁምሳጥን!» ጫማዎቹ ገቡ፣ ቁምሳጥኑን ከፈቱ፣ ሰውየውን ይዘውት ወረዱ። ልጅቷ መስኮቱ ጋ ቆማ ቀረች። የሳቀ የለም። እኔም አለቀስኩ፤ እሱም በጸጥታ ነው።

ስንወጣ አቦይ ተኽለ ቀድመውኝ ባር ገቡና ባንኮኒውን መቱት።

«ክልተ ማኪያቶ! ሁለት!»

ባሬስታው ስኒ ጣለ። እኔ ወደ ጆሯቸው ተጠግቼ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንሾካሾክሁ።

«አቦይ ተኽለ... ቀስ ይበሉ፣ ሰው ያየናል።»

«ይየን!» ማኪያቷቸውን አማሰሉ። «ታናሽ ወንድሜ እንዳንተ ነበር የሚስቀው። መንገዱን ተሻግሮ ይሰማል። ከቡና ቤት እየሳቀ ሲወጣ ነው የያዙት። "ምን ያስቅሃል?" አሉት። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«አልተመለሰም?»

«አልተመለሰም። አንተ ደጃፌ ላይ ቆመህ "አሜን" ስትል እሱ የመጣ መሰለኝ። ደስ አለኝ... ወዲያው ፈራሁ። ልጄ ሌላ የሚስቅ ሰው ወዳ እንድታጣ አልፈለግሁም፣ ወደይ፣ የእኔ ልጅ።»

የሁለታችንንም ሂሳብ ከፍዬ ባርኔጣቸውን አቀበልኳቸው።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ገጀረት ደረስን። የሳባ መስኮት በርቷል። አቦይ ተኽለ በሩን በጡጫ ደበደቡት።

«ሳባ! ክፈቲ!»

መብራቱ ድርግም አለ።

ከውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ። «መን ኢኻ? ማነህ?»

«ኣነ እየ! እኔ ነኝ! ክፈቲ!»

ከዚያ ቀጭኑ ድምፅ፣ በትሕትና፣ አንዲት ቃል ሳይደነቃቀፍ እንዲህ አለ፦

«ኣቦይ የለን። አባቴ ቤት የለም። የት እንደሄደ አላውቅም።»

ሳቄ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ተመለሰ። ያን መልስ ያስጠኗት እሳቸው ናቸው፤ በር የሚመታና የሚጮህ ሰው ሲመጣ እንድትለው። ልጅቷ እዚህ ቤት ተወልዳ፣ አድጋ፣ ለትዳር ደርሳ የአባቷን ድምፅ አታውቀውም! አቦይ ተኽለ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ወደ ቁልፉ ቀዳዳ ጎንበስ ብለው አንሾካሾኩ።

«ሳብዬ... ኣነ እየ።»

በሩ ወዲያው ተከፈተ። ሳባ እሳቸውን አልፋ በእኔ ላይ ወረደችብኝ።

«ደሞ በር ላይ ትጮሃለህ? ዛሬን እንኳ ዝም ማለት አቃተህ? አበላሸኸው!»

«ኧረ እኔ አይደለሁም...»

«ማነው ታዲያ?»

«እኔ ነኝ» አሉ አቦይ ተኽለ፣ በዚያ በወፍራሙ ድምፅ።

ሳባ ወደ ኋላ አለች። አፋቸውን አየች፣ እኔን አየች፣ ተመልሳ አፋቸውን አየች።

«እስቲ ድገመው» አለች።

«ሳባ!» አሉ። መንገዱን ተሻግሮ የሚሰማ ነበር። ማዶ ያለች ሴት በረንዳዋ ላይ ወጣች። ሳባ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እኔ ዝም እንዳልኩ ነኝ፤ ከዝምታው የሚለቀኝ ሰው እየጠበቅሁ!

አቦይ ተኽለ በልጃቸው ትከሻ ላይ አሻግረው አዩኝ።

«ሽማግሌ ላክ» አሉ። «ግን ድምፃቸው የሚሰማ ይሁኑ። እዚህ ቤት ልጅ ሲጠየቅ ገጀረት ሁሉ ይስማ!»

በማግሥቱ ከማይ ጭሆት ጀምሬ አስመራን ዞርኳት። የአባቴን ወዳጆች፣ የንስሐ አባታችንን፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪዎቼን ሁሉ በየቤታቸው ሄጄ ለመንኩ። «ድምፃችሁ ከፍ ያለ ነው ብዬ ነው የመጣሁት» አልኳቸው። እግዜር ይስጣቸው፣ እምቢ ያለኝ አንድም የለም። ሁሉም በሩን ዘጋ እያደረጉ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ደስ ይለናል» አሉኝ።