በብሬዴንግ የተገኘው የሮማውያን ቅጥር

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ አታምኑኝም። እኔም ሙሉ በሙሉ አላምነውም፤ ስለዚህ አስቀድሜ ምንጮቼን ላስታውቅ።

አንደኛው የራሴ ትዝታ ነው። ሰባ ስምንት ዓመት ስላገለገለ ብዙ አትደገፉበት።

ሁለተኛው ጎረቤቴ ወይዘሮ አልማዝ በስልካቸው የቀረጹት ቪዲዮ ነው። እሱ፣ ያሳዝናል፣ በጣም ጥርት ያለ ነው።

በወጣትነቴ ኢጣሊያ ውስጥ የአንዲት ጥንታዊት የሮማውያን ከተማ ሰርቬይ ላይ ተሳትፌ ነበር። ሳንቆፍር፣ በእግር እየተመላለስንና እየለካን፣ የቅጥሯን ፕላን በእጄ ያነሳሁት እኔ ነኝ። (ይመስለኛል።)

ዛሬ በምኖርበት የስዊድን ሰፈር፣ ብሬዴንግ ውስጥ፣ ለማኅበራችን አባላት ስለዚያች ከተማ ንግግር አደረግሁ። የልጅ ልጄ ሊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትሰማኝ መጣች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በአማርኛ ስጠይቃት በስዊድንኛ ትመልሳለች፤ ሙያዬንም «ድንጋይ ቆጠራ» ትለዋለች። አንድ ቀን እንኳ እንድትኮራብኝ ፈልጌ ነበር።

በስልኬ ፎቶ ያነሳሁትን ፕላን ስክሪኑ ላይ አወጣሁ።

አርባ ደቂቃ ተናገርሁ! ከተማዋ በሁለት ዘመን እንዳደገች፣ አዲሱ ሰፈር ከቅጥሩ ውጭ እንደተሠራ፣ ጠላት ሲገባ ጋሻ ያልያዘበት ጎኑ እንዲጋለጥ በሩ ጠማማ እንደተደረገ አብራራሁ። በሰሜኑ ማዕዘን ያለችውን ትንሽ ክፍል ሳሳይማ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ዘበኞቹ ያደሩባት ናት አልሁ።

ወይዘሮ አልማዝ እጃቸውን አወጡ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ያቺ እኮ የእኛ ትቬትስቱጋ ናት። ትናንት አንሶላ አጥቤባታለሁ።»

መነጽሬን ጠረግሁ። ቀረብ ብዬ አየሁ። እውነትም የግቢያችን ልብስ ማጠቢያ ቤት! ጠማማው በር የብስክሌት ማቆሚያው መግቢያ ነበር።

ላስረዳ። ከሁለት ዓመት በፊት የቆሻሻ ቤቱ ከመስኮቴ ሥር እንዲነሳልኝ ለአከራያችን ሳመለክት፣ ግቢውን ለክቼ ፕላን አያይዤ ነበር። ሁለት ቅጂ ሣልሁ፤ አንዱን ለራሴ አስቀረሁ። እጅ ልማዱን አይተውምና የሣልሁት እንደ ምሽግ ነው። አርእስትም አልጻፍሁበትም። ተማሪዎቼን በዚህ ጥፋት ስንቴ እንደጣልኋቸው አትጠይቁኝ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ከተማዋን በመጨረሻ የያዛት ጠላት አከራያችን ይሆን ወይ ብለው በትሕትና ጠየቁኝ።

ሊያን ወደ ባቡር ጣቢያው ስሸኛት ቀና ብዬ ማየት አፈርሁ። እሷ ግን ክንዴን ያዘች።

«ሞርፋር» አለችኝ፣ አያቴ ማለቷ ነው፤ የቀረውን ግን በአማርኛ። «ዛሬ ሁሉም ገባኝ። ቦታውን አውቀዋለሁ። አሁን እውነተኛውን አሳየኝ።»

ከደስታዬ ብዛት ወደ ቤት ሮጥሁ ማለት ይቻላል። የፕላን ማኅደሬን ከፈትሁ።

ሁለቱም የግቢው ቅጂዎች እዚያው አሉ። የሮማውያኑ የለም።

ታዲያ ለአከራያችን የላክሁት ምንድን ነው?

«ሐሳብዎን ተቀብለናል» የሚል መልስ እንደጻፉልኝ በደንብ አስታውሳለሁ። ባለፈው ሳምንትም በግቢያችን ምዕራብ በኩል ረጅምና ሰፊ ጉድጓድ መቆፈር ተጀምሯል። ለውኃ ቧንቧ ነው ይላሉ፤ ስፋቱ ግን ለቅጥር መሠረት ይበቃል።

እስካሁን አላረጋገጥሁም።