ከመኪናዬ ኋላ የሚያንኳኳው

መኪና ከፊት ቢያንኳኳ ሞተር ነው ትላለህ። ከሥር ቢያንኳኳ መንገዱን ትረግማለህ፤ ናይሮቢ ደግሞ ለእርግማን የሚሆን መንገድ አታጣም። ከኋላ ሲያንኳኳ ግን ሰው የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዞር ብሎ ማየት። እኔም ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም። እንግዲህ የሆነውን ላውራህ፤ ብቻህን ከሆንክ ግን በሩን ዘግተህ ስማኝ።

ነገሩ የተጀመረው በባለቤቴ ነጠላ ነው። እኔና ልጄ ሊዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ጫካ ሄደን ሳይክል እንነዳለን። ሐኪም «ስኳርህ ከፍ ብሏል፣ ተንቀሳቀስ» ብሎኝ ነው እንጂ በዚህ ዕድሜዬ ጠባብ ቁምጣ ለብሼ ለሰፈሬ ለካሳራኒ ሕዝብ መታየት አምሮኝ አይደለም። ጫካው ሩቅ ነው። ከቤት ጀምረን በሳይክል እንሂድ ብንል በቲካ ሮድ ማታቱ ከሚሉት እብድ ታክሲ ጋር መጋፋት ነው፤ ስኳሩ የጀመረውን ማታቱ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ሳይክሎቹን የመኪናው የኋላ ወንበር ላይ አጋድመን እንወስዳቸው ነበር። እሁድ ጠዋት ደግሞ ባለቤቴ ሰላም ነጭ ነጠላዋን ለብሳ እዚያው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ፊት እንዳትቀመጥ ፊት የእትዬ አስካለ ነው። እትዬ አስካለ ከኛ በላይ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ የጸሎት ኅብረታችንን የሚመሩ ሴት ናቸው። እሳቸው ፊት ካልተቀመጡ ማን ሊቀመጥ ነው?

አንድ እሁድ ሰላም ከመኪና ስትወርድ የካቴና ግራሶ ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ታትሞባታል። እሷ አላወቀችም። ጉባኤው ግን ከኋላዋ ተቀምጦ ሲያነበው አረፈደ። ቤት ስንገባ ነጠላውን ፊቴ ዘርግታ «ወይ ሳይክሉ ወይ እኔ» አለችኝ። ለመምረጥ ትንሽ ዘገየሁ መሰለኝ፣ ራት አልቀረበም።

ቶውባር የሚባል ነገር እንዳለ የነገረችኝ ሊዲያ ናት። እኛ ሀገር ጋንቾ የምንለው፣ ከመኪና ኋላ ወጣ ያለው መጎተቻ። እሱ ላይ የሳይክል መሸከሚያ ይሰካል፣ ሳይክሎቹ ከውጭ ቆመው ይሄዳሉ፣ ነጠላም ትዳርም ይድናል። መኪናዋን ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ያለ ካማው የሚባል መካኒክ፣ በነሱ ቋንቋ ፈንዲ፣ ጋ ወሰድኳት። ካማው ፓራውልቱን ሲያወልቀው መኪናዬ ጥርሷን ያጣች አሮጊት መሰለች፣ አሳዘነችኝ። ወፍራም ብረት በሻንሲው ላይ በቡሎን አሰረ፣ ፓራውልቱን ከሥር ቆርጦ መለሰው፣ መጨረሻ ላይ የሳይክል መሸከሚያው የሚሰካበትን ቆልማማ የብረት አንገት አመጣ።

ይኼኛው ተነቃይ ነው። ስትፈልግ ትሰካዋለህ፣ ሳትፈልግ ነቅለህ ከወንበር ሥር ታስገባዋለህ። ካማው ተንበርክኮ፣ በአክብሮት ምዜ እያለ አሳየኝ። «ምዜ፣ ቀጭ ካለ ገብቷል። መዞሪያው ላይ አረንጓዴ ካየህ ንዳ። ቀይ ካየህ እንዳትንቀሳቀስ። ቀዳዳው ውስጥ ደግሞ ምንም ነገር አታስገባ። በደረቅ ጨርቅ ጠረግ፣ በቃ። ሳዋ?»

«እሺ፣ ሳዋ» አልኩት። ሰው «ሳዋ» ሲል ሰምቷል ማለት አይደለም፤ ልሂድ ማለት ነው።

ቤት ስደርስ እትዬ አስካለ ከሴቶቹ ጋር ግቢው ውስጥ ቆመው ጠበቁኝ። አዲስ ነገር ተገዝቶ ሳይጸለይበት አይታደርም። መኪናዋን ከበው ጸለዩላት፣ ለጎማዎቿ፣ ለፍሬኗ፣ ለፖሊስም ሳይቀር። ከዚያ እትዬ አስካለ የዘይቱን ጠርሙስ አወጡና «አዲሱ ዕቃ የቱ ነው?» አሉኝ። አሳየኋቸው። «ሸክሙን የሚችለው ይኼ ነው?» አሉ። አዎ አልኩ። «እንግዲያው ዘይቱ የሚገባው ለሱ ነው» ብለው አንገቱ ከሚሰካበት ቀዳዳ ውስጥ አንቆረቆሩት። የካማው ቃል ትዝ አለኝ። ግን ንገረኝ እስቲ፣ በጸሎት መካከል «ይቅርታ እትዬ፣ ፈንዲው ደረቅ ጨርቅ ብቻ ነው ያለው» የሚል የእናት ልጅ አለ? አሜን አልኩ።

እናት ካልኩ አይቀር የእናቴን ነገር ላምጣው። እናቴ አዲስ አበባ ናት። በዚያ ሰሞን አዳልጧት ወድቃ ዳሌዋን ተጎድታ ነበር። እህቴ ሙሉ ታስታምማታለች። እኔ መሄድ አልችልም። የስደተኛ ወረቀት የያዘ ሰው የትም ቢሄድ ወደ ሀገሩ አይሄድም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? የኔ ወረቀት የያዘው እኔን ነው። እናቴ ብትሞት አፈር እንኳ አላለብሳትም። ይኼንን ወግ ነው ብዬ ልደብቅህ አልችልም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ብትሞትም አለማወቄ ነው። የኛን ሰው ታውቀዋለህ። መርዶ በስልክ አይነገርም። የሞተም ሰው በስልክ ደህና ነው። መርዶ የሚመጣው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ደጅህ ላይ ቆሞ፣ ቃል ሳይናገር። ስለዚህ ሙሉ «እማዬ ደህና ናት» ስትለኝ አላምናትም። «አገናኚኝ» እላታለሁ። «ተኝታለች» ትለኛለች። በማግስቱ እደውላለሁ። «ተኝታለች።» ደግሞ እደውላለሁ። «አሁን ገና እንቅልፍ ወሰዳት።» ሰው ይኼን ያህል ይተኛል?

ታዲያ በዚያው ሰሞን ነው ሳይክሎቹን ከኋላ ሰቅለን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣነው። ቲካ ሮድ ላይ ስፖኪዮዬን ቀና ብዬ አየሁ። ከኋላችን ያለው ሳይክል ጎማ ይሽከረከራል። ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል። ፔዳሉም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። እኛ ስንፈጥን ይፈጥናል፣ ስንዘገይ ይዘገያል።

«ዳድ፣ ንፋስ ነው፣ ሪላክስ» አለች ሊዲያ ከስልኳ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ።

ንፋስ ይሁን። ባምፕ የሚሉትን ጉብታ ስንሻገር ግን ከኋላ ኳ፣ ኳ አለ። ትንሽ ቆየና ደግሞ፣ ኳ። ያንን ኳኳታ አውቀዋለሁ። እናቴ ሰው ስትፈልግ በስም አትጣራም። በከዘራዋ ወለሉን ትመታለች። ኳ፣ ኳ። ካልመጣህ ትንሽ ትታገሥና፣ ኳ። ልጅ ሆነን ያቺ የመጨረሻዋ ሳትመታ ካልደረስን ወዮልን ነበር። አሁን እሷ ተኝታለች ይሉኛል፣ ከመኪናዬ ኋላ ደግሞ ትጠራኛለች።

ልንመለስ ስንል የጫካው ጭቃ ደርቆ አቧራው በነፋስ ይነሳ ነበር። ግቢ ስንገባ ፀሐይዋ እየጠለቀች ነው። ሞተሩን አጠፋሁ። መኪናዋ ቆማ ሳለች ከኋላ አንዴ ኳ አለ። ሊዲያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስልኳ ቀና አለች። በሩን የሚጠብቀው አስካሪ መጣና «ቦስ፣ ከኋላ የመጣው እንግዳ የማን ነው?» አለኝ። የትኛው እንግዳ አልኩት። በእጁ ጠቆመኝ። የሊዲያ የዝናብ ልብስ ኮርቻው ላይ ተጥሏል፣ ሄልሜቷ መሪው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከሩቅ ላየው ሰው ይመስላል። ከት ብዬ ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። «ፔዳል ሲመታ ግን አይቼዋለሁ» አለና ወደ ጎጆው ተመለሰ። በዚያ ሳምንት ሳይክሎቹን ለማውረድ ብቻዬን አልወረድኩም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ለሰላም ነገርኳት፣ ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ። ሰላም ለእትዬ አስካለ «ለእማማ ጸልዩላቸው፣ ልቡ ፈርቷል» ትላለች። እትዬ አስካለ ለሴቶቹ «እናቱን ነው፣ ልቡ ነግሮታል» ይላሉ። ሴቶቹ በየስልካቸው ምን እንዳሉ እግዜር ይወቅ፣ መጨረሻው ግን «ምስኪን፣ እስካሁን አልነገሩትም» ሆኖ አረፈ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ልንወጣ ተነሣሁ። የሐምሌ ብርድ ነው፣ ጉም ግቢውን ሞልቶታል፣ የአጥሩ ጫፍ አይታይም። ከመኪናው ኋላ ተንበርክኬ አንገቱን እሰካለሁ። ቀጭ አይልም። ደግሜ ገፋሁት። ምልክቱን ልይ ብል ዘይቱና የካሳራኒ ቀይ አፈር ተለውሰው አረንጓዴውም ቀዩም አንድ ሆኗል። ገብቷል አልገባም እያልኩ ስነቀንቀው ከጎኔ ጫማ አየሁ። ሌላ ጫማ። ብዙ ጫማ። ቀና አልኩ።

ጉሙ ውስጥ ሰዎች ቆመዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ እጃቸውን አጣምረዋል። አንድም ሰው ደህና አደርክ አላለኝም። እትዬ አስካለ ክንዴን ያዙኝና «ና ልጄ፣ ወደ ቤት እንግባ» አሉኝ።

«ምነው እትዬ?»

«ምንም አይደለም።»

ምንም አይደለም! ከዚህ ወዲያ ምን ይነገረኝ? «እማዬ!» ብዬ መሬት ወደቅሁ። ሰላም ጩኸቴን ሰምታ ወጣች። ሕዝቡን ስታይ ከአዲስ አበባ የተደወለው ለእትዬ አስካለ ነው ብላ ጮኸች። እትዬ አስካለ ሰላም ስትጮህ ሲያዩ አረጋገጡ፣ እሳቸውም በለቅሶ ፈነዱ። አስካሪው ዱላውን ጥሎ አለቀሰ። ከሁለተኛ ፎቅ ኬንያውያን ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ ወርደው እያጽናኑኝ «ፖሌ፣ ፖሌ ሳና» ይሉኛል። እኔ በዚያ ሁሉ መካከል የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በከዘራዋ ስትጠራኝ ሰነበተች፣ አልደረስኩም።

ሊዲያ ሄልሜቷን እንደያዘች መጣች። ናይሮቢ ያደገ ልጅ የመርዶ ወግ አያውቅም። «ሶሪ፣ ግን ማነው የነገራችሁ?» አለች።

ሰላም እትዬ አስካለን አየች። እትዬ አስካለ ሰላምን አዩ። ወንዶቹ ጫማቸውን አዩ። ሊዲያ ስልኳን አወጣችና በቪዲዮ ደወለች።

ጠራ። ጠራ። እናቴ ብቅ አለች። ትራስ ተደግፋ፣ ፀጉሯ ቆሞ፣ ገና ከእንቅልፏ የተነሳች። ለካስ የሕመም ማስታገሻው ሲያስተኛት ነው የከረመው። እህቴ በዕድሜዋ አንዴ እውነት ብትነግረኝ እውነት መሆኑን በምን ልወቀው?

እናቴ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋች። የኔን ያበጠ ዓይን አየች። የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች። ድምፅዋ ተለወጠ።

«ተስፋዬ፣ ማነው የሞተው?»

«ማንም እማዬ። ሁላችንም ደህና ነን።»

ይኼንን ቃል ስናገር ራሴን ሰማሁት። እሷም ሰማችው። ከዘራዋን አነሳች። ኳ፣ ኳ። ትንሽ ቆየችና፣ ኳ። «አንቺ ሙሉ! ነይ እስቲ፣ ናይሮቢ ሰው ሞቶ እየደበቁኝ ነው!» ግቢው ውስጥ ሁሉም ሰው ወደ መኪናዬ ኋላ ዞሮ አየ።

በዚያን ቀን አልወጣንም። ካማው ሰኞ አንገቱን ፈትቶ ቀዳዳውን በቤንዚን አጠበው። «ማነው ዘይት ያፈሰሰበት?» አለኝ። ጸሎት ቤት ነው አልኩት። አንገቱን የሚቆልፈው ብረት በጭቃ ተይዞ ግማሽ መንገድ ላይ እንደቆመ፣ አንድ ባምፕ ቢጨመርበት ሳይክሉም ብረቱም ተነቅሎ ከኋላችን ባለ ሰው ላይ ያርፍ እንደነበር ነገረኝ። የሚያንኳኳውም እሱ ነበር። ያን ጠዋት የሐሰት መርዶ ባይመጣ ኖሮ እውነተኛ መርዶ እናስመጣ ነበር ማለት ነው። ለእትዬ አስካለ ነገርኳቸው። «አየህ ዘይቱ እንዴት እንደጠበቃችሁ!» አሉኝ። ምን ትላለህ? አሜን አልኩ።

እናቴ ግን አላመነችም። በየቀኑ አንድ በአንድ አገናኘኋት፣ ሰላምን፣ ሊዲያን፣ እትዬ አስካለን ሳይቀር። «የቀረ አለ» ትላለች። ዳሌዋ እንደዳነ ፓስፖርት አወጣችና አውሮፕላን ተሳፍራ መጣች። እኔ ልሄድላት ያልቻልኩት ሴት፣ ሰው ልትቆጥር መጣችልኝ። ኤርፖርት ላይ አቅፌያት ስንት ጊዜ እንዳለቀስኩ አልነግርህም። እሷም ልቅሶዬን አይታ ይበልጥ ጠረጠረች።

ባለፈው ቅዳሜ ጫካውን እናሳያት ብለን ይዘናት ወጣን። አንገቱን ራሴ ሰካሁት፣ ቀጭ አለ፣ አረንጓዴውን ሁለቴ አየሁ። እናቴ የኋላ ወንበር ላይ ከዘራዋን በጉልበቶቿ መካከል አቁማ ተቀመጠች። ቲካ ሮድ ላይ ስንደርስ ኳ፣ ኳ አለ። ቆይቶም፣ ኳ። ደነገጥኩና ስፖኪዮውን አየሁ። የሷ ከዘራ ነው። ፊቷን ግን ወደ ኋላ መስተዋት አዙራለች። እዚያ፣ ከመስተዋቱ ማዶ፣ የሳይክሉ ጎማ ቀስ ብሎ ይሽከረከራል፣ ፔዳሉ ከፍ ዝቅ ይላል፣ የዝናብ ልብሱ ኮርቻው ላይ በነፋስ ተነፍቷል።

«ተስፋዬ፣ ይኼ ከኋላችን የሚከተለን ማነው?»

«ማንም የለም እማዬ።»

እናቴ ወደ መስተዋቱ ጠጋ ብላ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አዘቀዘቀችው።

«የደበቃችሁኝ እሱን ነዋ!»